ጥይት በጥርሱ የሚይዘው ውሻ፦ ስለ 17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፓምፍሌቶች

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ስለ እንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ሳነብ፣ የአንድ ልዑል ውሻ ጥይት በጥርሱ ይይዝ ነበር የሚል ፓምፍሌት (ትንሽ የታተመ ጥራዝ) እንደወጣ አየሁ። ሰዎቹ ይህን የምራቸውን ያምኑ ነበር? ያ ሁሉ ፖለቲካና ሃይማኖት የተቀላቀለበት ጽሑፍስ በአንዴ ከየት ፈላ? ሳንሱር ስለቀረ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

ከውሻው ልነሳ። የቀረው መልስ እሱን ተከትሎ ይመጣል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ውሻው በእርግጥ ነበረ። ስሙ ቦይ ይባላል፤ ነጭ ፑድል ነው። ያን ጊዜ ፑድል ለአደን የሚወጣ ውሻ ነበር እንጂ እንደ ዛሬው የሳሎን ጌጥ አልነበረም። ባለቤቱ ልዑል ሩፐርት የንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የእህት ልጅ ሲሆን የንጉሡን ፈረሰኛ ጦር ይመራ ነበር። ውሻውን በሄደበት ያስከትላል። በ1643 ስለዚህ ውሻ አንድ ፓምፍሌት ወጣ። ጦርነቱ በንጉሡና በፓርላማው መካከል ነበር፤ ጸሐፊው የፓርላማ ደጋፊ መስሎ፣ በጣም በተጨነቀ ድምፅ ነው የሚያወራው። ይህ ተራ ውሻ አይደለም ይላል፤ ከላፕላንድ የመጣች ሴት ናት መልኳን ለውጣ። ቋንቋ ይችላል፣ የተደበቀ ያወጣል፣ ጥይት በጥርሱ ይይዛል።

የዘመናችን የታሪክ ሰዎች ይህን ጽሑፍ መልሰው ሲመረምሩት የደረሱበት ነገር ያስቃል። የጻፈው የፓርላማ ሰው ሳይሆን የንጉሡ ደጋፊ ነው የሚለው ሚዛን ይደፋል። «የለንደን ፒዩሪታኖች ምንም ብትነግሯቸው ያምናሉ» እያለ ማላገጡ ነው፤ ፒዩሪታን የሚባሉት ከፓርላማው ጎን የቆሙ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ቀልድ ነበር። ችግሩ፣ ቀልዱ እግር አወጣ። የፓርላማው ወገን ጸሐፊዎች ተቀብለው ይዘውት ሄዱ። ጁላይ 2 ቀን 1644 ማርስተን ሙር ላይ የንጉሡ ጦር ክፉኛ ሲመታ ቦይም አብሮ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ለውሻው የሙሾ ግጥም ታትሞ ወጣ! ፊት ገጹ ላይ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ ሥዕል አለ፤ አንድ ወታደር ጠመንጃውን አነጣጥሮ ውሻውን ሲመታ፣ አጠገቡ አንዲት ጠንቋይ ቆማ። ገዳዩ ራሱ አስማት የሚያውቅ ጀግና ወታደር ነው ይላል ጽሑፉ። ተራ ጥይት አይገባውማ።

ስለዚህ «ያምኑ ነበር ወይ» ለሚለው አንድ መልስ የለም። አንዱ ለማሾፍ ጻፈው፣ ሌላው ለማስፈራራት ተጠቀመበት፣ ሦስተኛው ገዝቶ ሳቀ፣ አራተኛው ገዝቶ አማተበ። እኔ በሥራዬ የቆዩ ኅትመቶችን ሳገላብጥ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የዚያን ዘመን ፓምፍሌት ብቻውን ማንበብ የስልክ ንግግር በአንድ ወገን እንደመስማት ነው። ሁሌ ለሆነ ሰው መልስ እየሰጠ ነው። ማን ምን ብሎት እንደሆነ ካላወቁ፣ ቀልዱን ቁም ነገር፣ ቁም ነገሩን ቀልድ ያደርጉታል።

አሁን ዕቃውን ራሱን እንየው። እኛ በራሪ ወረቀት ስንል አንድ ቅጠል ወረቀት ነው የሚታየን። ፓምፍሌት ግን ትንሽ ጥራዝ ነው። አንድ ኤፎር ወረቀት ይውሰዱና ለሁለት አጥፈው እንደገና ለሁለት ያጥፉት። አራት ቅጠል፣ ስምንት ገጽ ሆነ አይደል? አሠራሩ ይኸው ነው፤ የእነሱ ወረቀት ብቻ ሰፋ ያለ ነበር። ስምንቱ ገጾች በአንዱ ትልቅ ወረቀት ፊትና ጀርባ አራት አራት እየሆኑ ይታተማሉ። ግማሾቹ ተዘቅዝቀው ነው የሚሰለፉት፤ ሲታጠፍ ሁሉም ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ጎኑን በወስፌ ወጋ ወጋ አድርጎ ክር ማሳለፍ ነው። ሽፋን የለውም፤ ድጉስማ ጭራሽ አይታሰብም። ረዘም ያለ ከሆነ ሁለትና ሦስት ወረቀት ይደረባል።

ማተሚያው በእጅ የሚሠራ የእንጨት መሣሪያ ነው። ሁለት ሰው ይቆምበታል፤ አንዱ ቀለም ይቀባል፣ ሌላው ወረቀት ያስገባና እጀታውን ይስባል። በሰዓት 250 ያህል ወረቀት በአንድ ፊቱ ማውጣት የሙያው ልማድ ነበር። አስሉት እንግዲህ። ማታ የገባ ጽሑፍ በነጋታው መንገድ ላይ ሊሸጥ ይችላል ማለት ነው። ስምንት ገጹ አንድ ፔኒ ገደማ ይሸጣል። የቀን ሠራተኛ በቀን ከ8 እስከ 12 ፔኒ በሚያገኝበት ጊዜ ይህ ርካሽ ባይባልም ይደረስበታል። ማንበብ የማይችለውስ? ፊርማቸውን መጻፍ የሚችሉትን ቆጥረው በተሠሩ ግምቶች መሠረት፣ በ1640ዎቹ መጀመሪያ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ወንድ በአገሪቱ 30 ከመቶ፣ ሴት 10 ከመቶ ገደማ ነበር። ለንደን ላይ ከዚህ ይበልጣል። ደግሞም መፈረም የማይችል ሁሉ ማንበብ አይችልም ማለት አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን አንዱ ያነባል፣ መጠጥ ቤቱ ሙሉ ይሰማል። አዟሪዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ርዕሱን እየጮኹ መንገድ ለመንገድ ይሸጣሉ። ርዕሶቹ እንደዚያ ረጃጅም የሆኑት ለዚህ ይመስለኛል፤ ርዕሱ ራሱ ማስታወቂያ ነበር።

ወደ ሳንሱሩ እንምጣ። የሰሙት ግማሽ እውነት ነው።

ከ1640 በፊት ቁጥጥሩ ቀልድ አልነበረም። በ1637 ስታር ቼምበር የሚባለው የንጉሡ ፍርድ ቤት ለንደን ውስጥ ማተሚያ ቤት መክፈት የሚችሉትን ባለሙያዎች ቁጥር 20 ላይ ገደበው። በዚያው ዓመት ጁን 30፣ ዌስትሚንስተር አደባባይ ላይ ሦስት ሰዎች ጆሯቸው ተቆረጠ፦ ጠበቃው ዊልያም ፕሪን፣ ሐኪሙ ጆን ባስትዊክ፣ ሰባኪው ሄንሪ በርተን። ጥፋታቸው ጳጳሳቱን ተቃውመው መጻፍ ነበር። ፕሪን በ1634ም ጆሮው ተቆርጦ ስለነበር አሁን የተቆረጠው ትራፊው ነው። ጉንጩ ላይም ሁለት ፊደላት፣ ኤስ እና ኤል፣ በጋለ ብረት ተተኮሱበት፤ «አመፅ ቀስቃሽ ስም አጥፊ» ለማለት ነው። እሱ ግን በላቲን «የላውድ ጠባሳ» ማለት ነው ብሎ ተረጎመው። ላውድ ማለት ያስቀጣቸው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ነው። ጉንጩ እየተቃጠለ ቅኔ የሚዘርፍ ሰው፣ ለእኛ አገር ቅኔ ወዳድ ይገባዋል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1638፣ ጆን ሊልበርን የሚባል ወጣት ከሆላንድ የተከለከሉ መጻሕፍት አስገብቷል ተብሎ ከጋሪ ኋላ ታስሮ እስከ ዌስትሚንስተር ድረስ እየተገረፈ ተወሰደ። አንገትና እጅ በሚጠረቅመው እንጨት ላይ አቆሙት። እዚያው ቆሞ ሕዝቡን መስበክ ጀመረ፤ ከኪሱ ፓምፍሌቶች እያወጣ ወረወረላቸው። በመጨረሻ አፉን በግድ ለጎሙት። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ሳንሱሩ ገና አልቀረም። ጽሑፉ ግን አለ፤ በሆላንድና በስኮትላንድ ይታተማል፣ በመርከብም በጭነትም ይገባል።

ኖቬምበር 1640 ንጉሡ ገንዘብ ቸግሮት ፓርላማ ጠራ። ላውድ ታሰረ። ስታር ቼምበር በጁላይ 1641 ተሻረ። የማተሚያው ሠራተኛ የሚፈራው አካል ጠፋ፤ ይህ እውነት ነው። ግን በር ስለተከፈተ ብቻ ሰው ጎርፎ አይወጣም፤ የሚገፋው ነገር ያስፈልጋል። የገፋው ፍርሃትና ወሬ ነው። በኦክቶበር 1641 አየርላንድ ውስጥ ካቶሊኮች ተነሡ። የግድያው ወሬ፣ እውነቱም ፈጠራውም፣ በየሳምንቱ ታትሞ ለንደንን አጥለቀለቀ። ጦር ይዝመት ተባለ፤ ጦሩን የሚያዘው ንጉሡ ነው ወይስ ፓርላማው? ጦርነቱ የተለኮሰው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በቀጣዩ ወር፣ በኖቬምበር 1641፣ ፓርላማው በንጉሡ አስተዳደር ላይ ያለውን ቅሬታ ሁሉ ዘርዝሮ አንድ ረጅም ሰነድ አወጣ። በ159 ለ148 ድምፅ አለፈ። ነገር የከረረው ግን ሰነዱ ታትሞ ለሕዝብ ይበተን ወይስ አይበተን በሚለው ነው። ሰር ኤድዋርድ ዴሪንግ የሚባሉ አባል ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ወደ ታች ቅሬታ እንድናቀርብ፣ ለሕዝቡ ተረት እንድናወራ፣ ስለ ንጉሡ እንደ ሦስተኛ ሰው እንድንነጋገር በሕልሜም አላሰብኩም።» ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁልፍ «ወደ ታች» የምትለዋ ቃል ናት። እስከዚያ አቤቱታ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ወደ ንጉሥ። አሁን ወደ ጫማ ሰፊው፣ ወደ ጀልባ ቀዛፊው ሊወርድ ነው። ሰነዱ በዲሴምበር ታተመ። ዴሪንግ ራሳቸው ግን ምን አደረጉ? ንግግሮቻቸውን ሰብስበው አሳተሙ! ፓርላማው በ1642 መጀመሪያ መጽሐፋቸውን አስቃጠለ፣ እሳቸውንም አባርሮ አሰረ። ለሕዝቡ አታውሩ ያሉት ሰው ለሕዝቡ አውርተው ታሰሩ።

ነጻነቱም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነበር። በጁን 1643 ፓርላማው ራሱ የቅድመ ምርመራ ትእዛዝ መልሶ አመጣ። ባለቅኔው ጆን ሚልተን ይህንን ተቃውሞ በኖቬምበር 1644 «አሪዮፓጂቲካ»ን ያሳተመው ያለ ፈቃድ ነው፤ አታሚውም ስሙን አላወጣም። ዛሬ የፕሬስ ነጻነት ሲነሣ አፍ ላይ የሚመጣው ይህ ጽሑፍ በጊዜው ብዙም ያነጋገረ አይመስልም። ያኔ ሰውን ያስጮኸው ሚልተን ስለ ፍቺ የጻፈው ነበር።

ፖለቲካውና ሃይማኖቱ ለምን ተደባለቀ ለሚለው፣ መጀመሪያውኑ አልተለያዩም ነበር። ጳጳሱን የሚሾመው ንጉሡ ነው። ጳጳስ አያስፈልግም ያለ ሰው የንጉሡን አንድ እጅ ቆረጠ ማለት ነው። ማን ይስበክ፣ ሕፃን ይጠመቅ ወይስ አዋቂ፣ የገና በዓል ይከበር ወይስ አይከበር፤ ሁሉም የሥልጣን ጥያቄ ነው። በ1646 ቶማስ ኤድዋርድስ የሚባል ሰባኪ አገሩን የወረሩትን ኑፋቄዎች በቁጥር እየዘረዘረ በሦስት ክፍል ያሳተመው ጽሑፍ አለ። ስሙ «ጋንግሪና» ነው፤ ሥጋ እየበላ እንደሚስፋፋ ቁስል ማለቱ ነው። ሴቶች ይሰብካሉ፣ ቆዳ ፋቂዎች መጽሐፍ ቅዱስ ይተረጉማሉ እያለ ይንገበገባል። ይህ ሰው ከዚያ በፊት በ1641ም ጽፎ ነበር። በዚያው ዓመት መልስ የሰጠችው ሴት ናት፤ ካትሪን ቺድሊ። ምእመናን ራሳቸው ጉባኤ ማቋቋም ይችላሉ ብላ ነጥብ በነጥብ ተከራከረችው። በ1645 ደግሞ «የአዲስ ዓመት ስጦታ» ብላ ሁለተኛ ጽሑፍ ላከችለት። አሽሙሯን ልብ ይሏል።

ስለ አሽሙር ካነሣን ሪቻርድ ኦቨርተንን አለማንሣት አይቻልም። በ1645 ስደትን፣ በሃይማኖት ምክንያት ሰውን ማሳደድን፣ ራሱን እንደ ሰው ፍርድ ቤት አቁሞ የሚያስከስስ ፓምፍሌት ጻፈ። የማተሚያ ቤቱ አድራሻ በተለመደው ቦታ ተቀምጧል። ሲያነቡት ግን አታሚው «ማርቲን ካህን-ቧጫሪ»፣ ሱቁ «በመቻቻል ጎዳና፣ የዜጎች ነጻነት ምልክት ባለበት፣ ከአሳዳጁ ችሎት ፊት ለፊት» ይላል። የሚያሳድዱት ሰዎች ያንን ጎዳና ፍለጋ ምን ያህል እንደዞሩ እንጃ።

ሁሉም ግን እምነት ኖሮት አልነበረም የሚጽፈው። ማርቻሞንት ኔድሃም በመጀመሪያ ለፓርላማው ሳምንታዊ ጋዜጣ ጻፈ፤ በ1647 ለንጉሡ ገለበጠ፤ በ1650 ደግሞ ንጉሡን ለገደለው መንግሥት መጻፍ ጀመረ። ብዕሩ ግን በሦስቱም ቤት ስለታም ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሰው የማያውቅ አገር ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ እንዴት እናውቃለን ቢሉ፣ በአብዛኛው በአንድ መጻሕፍት ሻጭ ምክንያት ነው። ጆርጅ ቶማሰን ይባላል። ሱቁ የመጻሕፍት ንግድ መናኸሪያ በነበረው በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ቅጥር አጠገብ ነበር። ከ1640 ጀምሮ ያገኘውን ፓምፍሌትና ጋዜጣ ሁሉ መሰብሰብ ያዘ፤ እስከ 1661 አላቆመም። ብዛቱ ከ22,000 በላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያገኘው ሃያ ምናምን ሲሆን በ1642 ወደ 2,000 ደርሷል። ብዙ ጊዜ እጁ ላይ የገባበትን ቀን በቀለም ይጽፍበታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህች ልማዱ ናት። ለማን መልስ እንደተሰጠ፣ ማን ማንን በሦስት ቀን እንደቀደመ ዛሬ የምናውቀው በእሷ ነው።

ጦር ሲቃረብ ስብስቡን በጭነት ከከተማ ያሸሻል፣ ይመልሳል። አንድ ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ በጠረጴዛ መልክ ደርድሮ፣ ሸራ አልብሶ ደብቆታል። ንጉሡ ራሱ አንድ ፓምፍሌት ፈልጎ ሲያጣ ሰው ልኮ ከቶማሰን ተዋሰ። በኖቬምበር 1647 ንጉሡ ወደ ዋይት ደሴት ሲሸሽ መጽሐፉ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። መመለሱ ግን ተመለሰ። ቶማሰን ነገሩን ጽፎ አስቀመጠው፤ የጭቃው እድፍ ዛሬም አለ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1649፣ ተዋሹ አንገቱ ተቀላ። ከቀናት በኋላ የንጉሡ ጸሎትና ኑዛዜ ነው የተባለ መጽሐፍ ወጣ፤ በዓመቱ ውስጥ እንግሊዝ ብቻ ወደ 35 ጊዜ ታተመ። ሚልተን ያን ለማፍረስ መልስ ጻፈ። አልተሳካለትም።

አንድ ነገር በመሀል ላንሣ፤ ለእኛ ሰው ደስ ይላል። ይህ ሁሉ ስድብ በሚታተምበት ለንደን፣ ከ1653 እስከ 1657 በብዙ ቋንቋዎች ጎን ለጎን የተሰደረ ባለ ስድስት ቅጽ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። መዝሙረ ዳዊትና ሐዲስ ኪዳን በግዕዝ አሉበት። አፄ ፋሲል ጎንደር በነገሡበት ዘመን የለንደን የፊደል ለቃሚ ሀ፣ ሁ፣ ሂን በእርሳስ ፊደል ይደረድር ነበር።

ነገሩ መቼ በረደ? በ1660 የተገደለው ንጉሥ ልጅ ዳግማዊ ቻርልስ ዙፋኑ ላይ ተመለሰ። በ1662 ያለ ፈቃድ ማተምን የሚከለክል የፈቃድ ሕግ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሮጀር ለስትሬንጅ የተባለ ሰው ማተሚያ ቤቶችን እንዲቆጣጠር ተሾመ። እሱ ራሱ ጎበዝ የፓምፍሌት ጸሐፊ ስለነበር መንገዱን ሁሉ ያውቀዋል። በኦክቶበር 1663 አንድ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ክሎዝ ፌር በሚባል ሰፈር የጆን ትዊንን ማተሚያ ቤት በር አንኳኳ። ግማሽ ሰዓት ያህል አልተከፈተለትም። ከውስጥ የተደረደሩት ፊደላት ሲፈርሱ ይሰማል። ሲገቡ ወረቀቱ ገና እርጥብ ነው። ጽሑፉ፣ ንጉሥ ካጠፋ ሕዝብ ሊፈርድበት፣ ሊገድለውም ይችላል የሚል ነበር።

ትዊን በፌብሩዋሪ 1664 የሞት ፍርድ ተፈረደበት። ትናንሽ ልጆች ነበሩት። ዳኛውን ንጉሡን እንዲለምኑለት ጠየቀ፤ ዳኛው ለገዛ አባቴም በዚህ ጉዳይ አልለምንም አሉት። የጸሐፊውን ስም ተናገርና እንይ ተባለ። ብዙ ሰው ከሚጎዳ አንድ ሰው ቢጎዳ ይሻላል ብሎ ዝም አለ። ሰቅለው፣ ሆዱን ቀደው፣ አካሉን ቆራረጡት። የፈቃድ ሕጉ በ1679 ጊዜው አልፎ፣ በ1685 ታድሶ፣ በመጨረሻ በ1695 ሳይታደስ ቀረ።